ከታንከሩ ኋላ ያበበው ሆስታ

አሁን ይቺ ልጅ ምን በልታ ነው የምትውለው? ቁርስ ላይ ሻይዋን አማስላ አማስላ ትታው ትነሳለች። ምሳ ላይ "ቅድም ቀምሻለሁ እማ" ትለኛለች። እራት ላይ የራሷን ድርሻ ቀስ አድርጋ ወደኔ ሰሃን ስታሻግር እጇን እይዛታለሁ። መቼ ቀመሰች? ምን ቀመሰች? የኩሽናውን ድስት ሁሉ የማውቀው እኔ ነኝ! ቤተሰቡ እስከ ዛሬ "ድንቡሼ" ነው የሚላት፤ ትንሽ ሳለች ጉንጯ እንደ ትኩስ ዳቦ ስለነበረ። ዛሬ ድንቡሼ ተብላ ስትጠራ የማያውቃት ሰው ቢሰማ የሚያሾፉባት ይመስለዋል።

እናቷ ልጄ ነበረች። ስትሞትብኝ ይቺ ገና ጥርስ አልነቀለችም። ከዚያ ወዲህ ሁለታችንም የምንኖረው ወንድ ልጄ ቤት ነው። ልጄ ኢንጂነር ነው። ቤቱ ሰፊ፣ አጥሩ ረጅም፣ የግቢው በር ብረት። ክፉ ልጅ አይደለም፤ ማታ ደክሞት ሲገባ "እማዬ፣ ደህና ዋልሽ?" ይለኛል፣ መልሴን ሳይሰማ ቴሌቪዥኑን ይከፍታል። ቤቱን የያዘችው ምራቴ ናት። እሷንም ክፉ ናት አልልም፤ ሥርዓት ትወዳለች። ወንበር ካነሳሁ መልሳ ቦታው ታደርገዋለች። ውሃ ከጣድኩ ከኋላዬ መጥታ እሳቱን ታጠፋለች። "እማማ፣ እርስዎ ይረፉ" ትለኛለች። እረፍት ሰውን እንደሚያደክም ያወቅሁት እዚህ ቤት ነው።

ግቢው ሙሉ ሆስታ ነው። ሆስታ ጥላ የሚወድ ተክል ነው፤ ፀሐይ ከበዛበት ጠርዙ ይቃጠላል። ቅጠሉ ከሰው መዳፍ ይሰፋል፣ መስመሩ ደግሞ ጎላ ጎላ ያለ፣ የኔን የእጅ ደም ሥር ይመስላል። ምራቴ የተከለችው ለቅጠሉ ነው። አበባ ቤቶች እቅፍ አበባ ሲሠሩ ዙሪያውን የሚያለብሱት በሱ ነው። አበባም አለው፤ ከመሃሉ ቀጭን ዘንግ ያወጣና ጫፉ ላይ ደወል ደወል የሚመስል ነገር ይደረድራል። እኛ ግቢ ግን አበባ አይታይም። ዘንጉ ገና ብቅ ሲል ምራቴ በመቀስ ታወርደዋለች።

"ጉልበቱን አበባ ላይ ከጨረሰ ቅጠሉ ይዝላል" ነው የምትለው።

ቅጠሉን የምትቆርጠው፣ የምታጥበው፣ በሲባጎ እያሰረች ባልዲ ውስጥ የምታቆመው ድንቡሼ ናት። የሚወስደው የአበባ ማከፋፈያው ሾፌር ነው። ጠዋት መጥቶ ክላክስ ያደርጋል፤ ሙሉውን ባልዲ ይጭናል፣ ባዶውን ይመልሳል። ቁመቱ ረዘም ያለ፣ የሸሚዙ እጀታ ሁልጊዜ የተሰበሰበ፣ ሲናገር ድምፁን የሚቆጥብ ልጅ ነው።

ነገሩን የነቃሁበት በሲባጎው ነው። አንድ ቀን ባዶውን ባልዲ ሳነሳ ውስጡ የኛ ሲባጎ ቁጭ ብሏል። ታጥቧል፣ ደርቋል፣ እንደ ጥጥ ልቃቂት ተጠቅልሏል።

"ድንቡሼ፣ ይሄ ሾፌር ምን ነካው?"

"ምን ሆነ?"

"ሲባጎ አጥቦ መለሰ።"

"ቆጣቢ ይሆናላ።"

"ሰው የራሱን ነው እንጂ የሚቆጥበው፣ የሰው ሲባጎ አጥቦ ይጠቀልላል?"

"እማ ደግሞ! የመለሰ ሰው ሌባ ሊሆን ነው?" አለችና ፊቷን አዞረች። ግን ጆሮዋ ሳይቀር ቀልቶ ነበር።

ከዚያ ወዲያ መስኮቱ ሥራዬ ሆነ። ባልዲ ሲቀባበሉ አያለሁ። የባልዲው እጀታ አንድ ነው፤ የሁለቱ እጅ ግን ባልዲ ለማቀበል ከሚያስፈልገው በላይ እዚያ ላይ ይቆያል። አንድ ጠዋት መስኮቱ ገርበብ ብሎ ስለነበር ሰማኋቸው።

"ይሄ ተክል አያብብም እንዴ?" አላት።

"ያብባል። አይፈቀድለትም።"

እሱ ሳቀ፤ እሷ አልሳቀችም። እሱም ሳቁን ዋጠና ቀና ብሎ አያት። ያን አስተያየት ሳይ መጋረጃውን ጨብጬ ቀረሁ። ደስ ይለኝ ወይስ ልደንግጥ? ሁለቱም በአንድ ጊዜ ደረቴ ላይ ወጡብኝ።

*

ዓይን ያለኝ እኔ ብቻ አልነበርኩም። ምራቴ ሳትጮህ፣ ሳትቆጣ፣ ሁሉንም ቦታ ቦታው አስያዘችው። መጀመሪያ የልጅቷን ስልክ "ለጊዜው እኔ ጋ ይቀመጥ" አለች። ቀጥሎ ባልዲውን ራሷ ወደ በር ማውጣት ጀመረች። ከዚያ የብረቱ በር ቁልፍ ከተንጠለጠለበት ምስማር ጠፋ፤ የምራቴ ኪስ ውስጥ ይንቃጨላል።

"የኢንጂነር ቤት ልጅ የጭነት መኪና ጋቢና ውስጥ ተቀምጣ ልትታይልን ነው?" አለችው ልጄን እራት ላይ፣ ልጅቷ እንደሌለች ሁሉ። ልጄ ጋዜጣውን ገለጠ።

ምራቴ ለድንቡሼ ባል እንዲሆን ያሰበችው የፋርማሲስት ነገር የመጣው በዚያ ሰሞን ነው። የራሱ መድኃኒት ቤት ያለው፣ የተማረ፣ እናቱን አክባሪ። አይቸዋለሁ፤ ጨዋ ልጅ ነው። ክፉ ቢሆን ኖሮ ለኔ ይቀለኝ ነበር፤ የምጠላው ሰው አገኝ ነበር።

በግቢው ጥግ፣ ከውሃ ታንከሩ ኋላ፣ ፀሐይ ጨርሶ የማይደርስበት ቦታ አለ። እዚያ ያሉት ሆስታዎች ዘግይተው ነው የሚያብቡት፤ ሌላው ሁሉ ተቆርጦ ካለቀ፣ አየሩ መቀዝቀዝ ሲጀምር። ያን ጊዜ ምራቴ መቀሷን ሰቅላለች። ጭቃ ስለሆነም ወደዚያ አትሄድም። አበባው ነጭ ነው፤ ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ይከፈታል፣ ሲከፈት ይሸታል። የዛሬዋ ነገ ትረግፋለች፣ ከበላይዋ ያለችው ደግሞ ትቀጥላለች። ድንቡሼና እኔ የተገለበጠ ባልዲ ላይ እየተቀመጥን የምንተነፍሰው እዚያ ነበር።

"እማ፣ ሊሄድ ነው" አለችኝ አንድ አመሻሽ።

"ማን?" አልኩ፣ ማን እንደሆነ እያወቅሁ።

"ወደ ሌላ ከተማ አዛወሩት። ቀኑን ሙሉ የሚያስኬድ መንገድ ነው። መኖሪያም ይሰጡታል። አብረን እንሂድ አለኝ።"

"መቼ አገኘሽውና?"

"እትዬ ስልክ ልታነሳ ገባ ስትል፣ በበሩ ክፍተት።" ጉልበቷን አቀፈች። "ቅዳሜ የመጨረሻ ቀኑ ነው። ባልዲው ውስጥ ከቅጠሉ ጋር የአበባ ዘንግ ካየ አመሻሽ ላይ ይመጣል። በሩን አንኳኩቶ፣ አጎቴን ፊት ለፊት አናግሮ ይወስደኛል። ቅጠል ብቻ ከሆነ ግን መንገዱን ይቀጥላል። አላስቸግርሽም አለኝ።"

"አበባ ለምን መረጠ?"

"ከዚህ ቤት አበባ ወጥቶ ስለማያውቅ ነዋ። በስህተት ሊሆን አይችልም አለ።"

ምን ልበላት? በሆዴ ስንቱን ጠየቅሁ፤ መንገዱ ገደል አለው? ያ መኪና ፍሬኑ ታይቷል? እዚያ ቢያማትስ ማን አለ? ሲባጎ አጥቦ የሚመልስ ሰው ሲናደድ ምን ይመስላል? ከአፌ የወጣው ግን አንድ ብቻ ነው።

"ምን ልታደርጊ ነው?"

አበባዋን በጣቷ ነካ አደረገቻት። "እንጃ እማ" አለች።

ትከሻዬ ላይ ጭንቅላቷን ጣለች። እኔም ትከሻዬ እየደነዘዘ ተቀመጥኩ። ልሂድ ካለች እኔ አለቀልኝ፤ ልቅር ካለች እሷ። የትኛውን ልለምን? ማንንም ሳልለምን ጨለመብን።

*

ቅዳሜ ጠዋት ቤቱ ተገለባበጠ። ፋርማሲስቱና እናቱ ከሰዓት ይመጣሉ ተብሏል፤ ምራቴ ወይዘሮዋን ግቢውን ልታስጎበኝ አስባለች። እኔ አልጋዬን ሳነጥፍ ክላክስ ሰማሁና ወደ መስኮቱ ሮጥኩ።

ምራቴ ባልዲውን አቀበለችው። ባልዲው ላይ፣ ከአረንጓዴው መሃል፣ ነጭ ነገር አየሁ። መነጽሬን ጠርጌ ደግሜ አየሁ። ያውም አንድ ዘንግ አይደለም፤ እቅፍ ሙሉ ነው!

ሾፌሩ ባልዲውን እንደያዘ ደርቆ ቀረ። ቀና ብሎ መስኮቶቹን አንድ በአንድ አየ። ፊቱን በእጀታው አበሰ። ከዚያ ባልዲውን ከኋላ ሳይሆን ጋቢና ውስጥ፣ ከጎኑ አስቀመጠውና እንቁላል እንደጫነ ሰው ቀስ ብሎ ነድቶ ሄደ።

ልጅቷ ወስናለች ማለት ነው። ለኔ እንኳ ሳትነግረኝ! አልጋዬ ላይ ቁጭ ብዬ ትንሽ አለቀስኩ። ቀጥሎ ተነሳሁ። ሰው መንገድ ሲሄድ ዝም ብሎ ይታያል እንዴ? የራሴን ወፍራም ሹራብ፣ ካልሲ፣ ብስኩት፣ የሳል ሽሮፕ አንድ ቦርሳ ውስጥ ከተትኩ። ሽሮፑ እንዳይፈስ በላስቲክ ጠቀለልኩት። ሌላ ካልሲም ጨመርኩ። ቦርሳውን ኩሽና ካለው መደርደሪያ ሥር ደበቅሁት።

እንግዶቹ መጡ። ምራቴ ግቢውን ልታሳያቸው ይዛቸው ስትወጣ ኩሽና ገባሁ። ድንቡሼ ብርጭቆ እያጠበች ነው። ቦርሳውን ጎትቼ እግሯ ሥር አደረግሁት።

"ምንድነው እማ?"

"እዚያ ብርድ ሊሆን ይችላል። ሹራቡ ያሳክካል፣ ከውስጥ ሌላ ልበሺ።"

"እዚያ የት?"

"አትደብቂኝ ልጄ። አበባውን አይቸዋለሁ።"

"የቱን አበባ?"

"ባልዲው ላይ የነበረውን። አንድ ዘንግ ይበቃው ነበር፤ አንቺ ግን ግቢውን ሁሉ ላክሽለት!"

ብርጭቆው ከእጇ ሾልኮ የውሃ ገንዳው ውስጥ ወደቀ። አልተሰበረም።

"እማ፣ እኔ ቅጠል ብቻ ነው ያስቀመጥኩት።"

ተያየን። እርጥብ እጇን ሳታደርቅ በጓሮ በር ብቅ ብላ ወደ ታንከሩ አየች። እኔም ከኋላዋ አየሁ። ጭቃው ተጠርጓል፣ የሆስታዎቹ ዘንጎች ከሥር ከሥራቸው ተጎምደዋል። ምራቴ እዚያው ቆማ ለወይዘሮዋ በእጇ ታሳያለች።

"ቆርጣ ባልዲው ላይ ሰካችው" አለች ድንቡሼ። "እሷ ናት የላከችለት።"

"አንቺስ? ለምን ቅጠል ብቻ አስቀመጥሽ?"

እርጥብ እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገች።

"አትወጂውም?"

"እማ!"

"ታዲያ ለምን?"

"አንቺን ለማን ትቼ?" አለች። ስትናገረው የተቆጣች ነው የምትመስለው። "እኔ ከሄድኩ እዚህ ቤት ማን ያናግርሻል? ማን ነው መልስሽን እስኪሰማ የሚቆመው? እሳቱን ሲያጠፉብሽ ማን ይለኩስልሻል?"

መደርደሪያውን ያዝኩ። ስንት ሌሊት መስኮትና በር የቆጠርኩት እሷን ማን ይወስድብኛል እያልኩ ነበር። ያስቀራትን ነገር ስፈልግ የቤቱን ብረት ሁሉ አይቻለሁ፤ ራሴን ማየት አልመጣልኝም።

*

ሳሎን ገባን። ወይዘሮዋና ልጇ ረጅሙ ሶፋ ላይ፣ ልጄ ትይዩአቸው በበሩ በኩል፣ ምራቴ መሃል ላይ ሆና የምትቆርሰው ኬክ ፊት። እኔ የተሰጠኝ ቦታ ጠረጴዛውና ግድግዳው መሃል፣ ወደ ውጭ በር የሚያሳልፈው ጠባብ መተላለፊያ ላይ ያለችው ወንበር ናት። ድንቡሼ ከፋርማሲስቱ ጎን ተቀመጠች፤ አቀማመጧ ጥርስ ሊያስነቅል ተራ የሚጠብቅ ሰው ዓይነት ነው።

"የኛ ልጅ ዝምተኛ ናት" አለች ምራቴ።

"ዝምታ ጥሩ ነው" አሉ ወይዘሮዋ፤ "እኔ ብዙ አወራለሁ፣ እንመጣጠናለን።"

ሁሉም ሳቀ። ያኔ በሩ ተንኳኳ። የግቢው በር ለእንግዶቹ እንደተከፈተ ቀርቷል፤ ልጄ ተነስቶ የቤቱን ሲከፍት ሾፌሩ ደጃፉ ላይ ቆሟል። ሸሚዙ ተተኩሷል፣ ጫማው ተወልውሏል። ደረት ኪሱ ላይ የጠወለገች ነጭ ሆስታ ሰክቷል።

"ቅጠሉን ጠዋት ወስደሃል እኮ" አለች ምራቴ ከተቀመጠችበት።

"ለቅጠል አይደለም የመጣሁት እትዬ።" ወደ ልጄ ዞረ። "ጋሼ፣ ሰው እንዳለብዎት አላወቅሁም፣ ይቅርታ። ግን ዛሬ ካልተናገርኩ ሌላ ቀን የለኝም። እወዳታለሁ። ሠርቼ አኖራታለሁ። እሷም መልሷን ልካልኛለች" አለና አበባዋን ነካ አደረጋት።

ምራቴ ትንሽ አፍጥጣ አየችው። ከዚያ ሳቀች። የክፋት ሳቅ አልነበረም፤ የምር አስቋት ነው፣ እሱ ነው የባሰው።

"ይሄን? ይሄን እኮ እኔ ነኝ ባልዲህ ላይ የሰካሁት! ቆሻሻ መጣያው ሞልቶብኝ!"

ወይዘሮዋ አፋቸውን በናፕኪን ሸፈኑ። ሾፌሩ ግን ምራቴን አላየም። ድንቡሼን ነው የሚያየው።

"እውነት ነው?"

ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። "እውነት ነው። እኔ ያስቀመጥኩት ቅጠል ብቻ ነው።"

"ለምን እንደሆነ ንገሪኝና ልሂድ። መኪናው ነው? ሥራዬ ነው?"

መሬት መሬቱን ታያለች። ምን ትበል? አያቴን እዚህ ቤት ጥዬ መሄድ ፈርቼ ነው ብትል፣ አሳዳጊ አጎቷን እንግዳ ፊት ማዋረድ ነው። ዝምታዋን እሱ በሌላ ተረጎመው፤ ፊቱ ላይ ሲተረጉመው አየሁት። አበባዋን ከኪሱ አወጣ። የት እንደሚያደርጋት ጠፋውና መልሶ ያዛት።

"በኔ ምክንያት ነው" አልኩ።

ሁሉም ዞረ። እኔም ድምፄን ሰምቼ ደነገጥኩ።

"እማማ፣ እርስዎ ይረፉ..."

"አርፌአለሁ፤ በቃኝ። ልጄ፣ ስማኝ፣ እስክጨርስ ስማኝ። ይቺ ልጅ ልጁን ትወደዋለች። የቀረችው እኔን እዚህ ቤት ብቻዬን ላለመተው ነው።"

"እማዬ!" ልጄ ፊቱ ጠቆረ። "ሰው ፊት! እዚህ ቤት ምን ጎደለሽ?"

"ምንም። ልብሱም፣ መኝታውም፣ ምግቡም ሞልቷል። የሚያናግረኝ እሷ ብቻ ናት፣ እሱን ነው የምልህ።"

ኬኩ ላይ ዝንብ አረፈች፤ ምራቴ እንኳ አላባረረቻትም።

"እማማም ይምጡ" አለ ሾፌሩ በድንገት። "ጋቢናው ሰፊ ነው። ለሦስት ይበቃል።"

"እኔን መኪና ያጥወለውለኛል ልጄ" አልኩት። ፋርማሲስቱ እንደ ልማዱ ይሁን እንጃ "ለሱ መድኃኒት አለ" ብሎ ጀመረና እናቱ በክርናቸው ጎሸም ሲያደርጉት ዋጠው። እንዲያ ተጨንቄ እንኳ ሳቅ አመለጠኝ።

ሾፌሩ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳ። "ደጅ ነኝ" አለ፣ ለማን እንደሆነ ሳይናገር፤ ወጣ።

ድንቡሼ ብድግ አለች።

"ተቀመጪ" አለች ምራቴ። "ዛሬ ከዚያ በር ከወጣሽ ተመልሰሽ አትገቢም።" ልጅቷ እንዳልሰማች ጠረጴዛውን ዞራ ወደኔ መጣች። "እማማ፣ ይያዟት! እማማ!"

ጠባቡ ላይ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። ጉልበቴ ከጠረጴዛው ጋር ገጥሟል፤ እኔ ካልተንቀሳቀስኩ ሰው አያልፍም። ድንቡሼ ፊቴ ቆመች። እየለመነችኝ አልነበረም። አንቺ እንዳልሽ እሆናለሁ የሚል አስተያየት ነው ያየችኝ። ምራቴ ብቻ ሳትሆን ልቤም ያዣት እያለኝ ነበር፤ ከሁሉም በላይ የሚጮኸው የገዛ ልቤ ነበር። ትናንት ምን በላች? ቦርሳው ኩሽና ቀረ። ገደሉስ፣ ፍሬኑስ፣ ብርዱስ?

ወንበሩን በሁለት እጄ ያዝኩና ጉልበቴን ወደ ጎን ሰበሰብኩ።

ጎንበስ አለች። ጉንጯን ጉንጬ ላይ ለጠፈች፤ እርጥብ ነበር፣ የሷ ይሁን የኔ አልለየሁትም። ቀና አለች፤ ቀሚሷ ጉልበቴን ታክኮ አለፈ። ማንንም ሳታይ፣ አንድ ቃል ሳትተነፍስ በሩን ከፍታ ወጣች።